አሥራ አንደኛው ሳህን

ልጄ ጌይኖር በሩ ላይ ቆማ፣ የመኪናዋን ቁልፍ በጣቷ እያሽከረከረች፣ እንደ ዳኛ ፈረደችብኝ።

«እማ፣ አንድ ቀን ነው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት። በዚህ መሀል አንድ ጊዜ እንኳ ካልደወልሽልኝ፣ ብራዮኒ ስድስቱንም የእረፍት ሳምንት አንቺ ጋ ትከርማለች። ከደወልሽ ግን እዚያው ማንቸስተር የልጆች ማቆያ አስገባታለሁ። ቦታም ይዤላታለሁ።»

«ብትወድቅስ?»

«ታነሻታለሽ።»

«ባትነሳስ?»

«እማ! ለፋሲካ ንብ ነደፋት ብለሽ አምቡላንስ ጠርተሻል። ንቧ የነደፈችው ደግሞ የጎረቤት ልጅ ነበር።»

«እሱስ የሰው ልጅ አይደለም?»

«እኔ ጋ አሥራ ሰባት ጊዜ ደወልሽ። ስብሰባ ላይ ነበርኩ። አለቃዬ ‹ቤትሽ ተቃጠለ እንዴ?› ብሎ ጠየቀኝ።»

ምን ልበል፣ እውነቷን ነው። እኔ እንዲህ ነኝ። የአምቡላንስ ጩኸት በሰማሁ ቁጥር ዘመዶቼን አንድ በአንድ በልቤ እቆጥራለሁ፤ ሁሉም የት የት እንዳሉ እስካረጋግጥ ሻዬ ይቀዘቅዛል። ባሌ በሕይወት ሳለ «ቤሪል፣ አንቺ እኮ ፀሐይ ስትወጣም ትደነግጫለሽ» ይለኝ ነበር። ግን ስድስት ሳምንት! ስድስት ሳምንት ሙሉ ደረጃው ላይ የሚሮጥ እግር፣ መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ የሚጣል እርጥብ ፎጣ፣ «አያቴ፣ ምን አለ የሚበላ?» የሚል ድምፅ። ስቶክ ከተማ፣ በርስለም ሰፈር ያለችው ቤቴ ከፋሲካ ወዲህ ከሰዓቱ ምት በቀር ምንም ሰምታ አታውቅም።

«አልደውልም» አልኩ። ስልኬን አጥፍቼ ከቦርሳዬ ሥር፣ ከፕላስተሩና ከሳል ሽሮፑ በታች ቀበርኩት። ጌይኖር አላመነችኝም። ስማኝ ሄደች።

ብራዮኒ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ጉልበቷ ተልጦ ያልታየበት ሳምንት የለም። ቁርሷን እየበላች የት እንደምንሄድ እንማከር ጀመር።

«የዝንጀሮዎቹ ጫካ እንሂድ?» አለች።

«ይነክሳሉ።»

«ኮረብታው ላይ ያለው ፍርስራሽ ግንብስ?»

«ነፋስ ይጥልሻል።»

«ድሮ ሳህን ይተኩሱበት የነበረው፣ ጠርሙስ የሚመስለው ትልቁ እቶን?»

«ጡብ ቢወድቅብሽስ?»

«አያቴ፣ በዚህ ከተማ ሰው የማይገድል ቦታ የለም?»

«ቤተ መጻሕፍት አለ» አልኳት።

ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ጀልባ» አለች በመጨረሻ። ከሁሉም የሚያሰምጠውን መረጠች ማለት ነው።

እምቢ ብል ማታ ለእናቷ «አያቴ የትም አልወሰደችኝም» ትላለች፤ እሱም ያው ሽንፈት ነው። ስለዚህ ሁለት ካፖርት፣ አንድ ጃንጥላ፣ ውሃ፣ ብስኩትና ትርፍ ካልሲ ያዝኩ። ከዚያ አንድ የካርቶን ቁራጭ ላይ በትልልቅ ፊደል «ይህች ልጅ ብቻዋን ከተገኘች ለእናቷ ይደወል» ብዬ፣ የኔ ስልክ ተቀብሯልና የጌይኖርን ቁጥር ጽፌ፣ በመርፌ ቁልፍ ደረቷ ላይ አያያዝኩላት።

«ሻንጣ ነኝ እንዴ?»

«ውድ ሻንጣ ነሽ» አልኳት።

የጀልባው ሰውዬ ክላይቭ ይባላል። በወጣትነቱ ከሰል ጉድጓድ ውስጥ የሠራ፣ ሰፊ ደረት ያለው፣ ሳቁ ከሞተሩ የሚበልጥ ሰው ነው። ጀልባዋ እንደ ከተማችን የውሃ ቦዮች ጀልባዎች ሁሉ ቀጭንና ረጅም ናት፤ ጎኗ ላይ ጽጌረዳ ተስሎባታል። የአበባው አሳሳል ልክ አይደለም፤ ቅጠሉ ወፍሯል። ሳህን ላይ አበባ መሳል ሥራዬ ስለነበር እንዲህ ያለው ነገር አያመልጠኝም።

«ግቢ፣ ዳክዬዋ» አላት ብራዮኒን፤ እኛ ጋ ሰው በፍቅር ሲጠራ እንዲህ ነው የሚባለው።

ብራዮኒ ፊቷ በራ። «ማንቸስተር እኮ ማንም ዳክዬ አይለኝም!» አለችኝ በሹክሹክታ።

እኔ ግን ሌላ ጉዳይ ነበረኝ። «ስማኝ፣ ይህች ጀልባህ ሰጥማ ታውቃለች?»

«እትዬ፣ የቦዩ ውሃ እኮ ከወገብዎ አያልፍም። ብትሰጥም እንኳ ቆመው ሻይዎን ይጨርሳሉ።»

«የልጅቷስ ወገብ?»

«እሷን ትከሻዬ ላይ አደርጋታለሁ። እርስዎን ነው የምፈራው፤ ይህ ሁሉ ቦርሳ ይዘው!»

ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። ከሁለታችን ጋር አሥራ ሁለት ሰዎች ነበርን። ክላይቭ የቀኑን ነገር ነገረን፦ ለአንድ ሰዓት ያህል ዘና ብለን እንጓዛለን፣ ቦዩ ዳር ካለው ሻይ ቤት እንወርዳለን፣ ከዚያ ኮረብታውን ሥር ለሥር በሚያቋርጠው ረጅም ዋሻ እናልፋለን፤ በወዲያኛው በኩል አውቶቡስ ይጠብቀናል። በዋሻው ውስጥ አርባ ደቂቃ ጨለማ ነው። የእግር መንገድ የለውም።

«ውስጡ ገብተን ሞተሩ ቢጠፋስ?» አልኩ።

«እንዘፍናለን» አለ ክላይቭ።

መቼም ቀኑ ቆንጆ ነበር፣ ልዋሽ አልችልም። ፀሐይ ነበረ። በአሮጌዎቹ ፋብሪካዎች ጡብ መሀል ሐምራዊ አበባ በቅሏል፤ ሽማግሌዎች የዓሣ መንጠቆ ዘርግተው እጃቸውን ያነሱልናል፤ ዝይ ከጫጩቶቿ ጋር ከፊታችን እየቀዘፈች መንገድ አልለቅም አለች፣ ክላይቭም «ግብር ከፋይ ናት፣ ተዉአት» ብሎ ፍጥነቱን ቀነሰ። ብራዮኒ ከፊት ጫፍ ካልተቀመጥኩ አለች። ፈቀድኩ። እጄ ግን ሙሉ ሰዓቱን የካፖርቷን ቀበቶ ጨብጦ ነበር። ወደ ዋሻው ስንቃረብ ውሃው ቀለሙ ይለወጣል፤ ከኮረብታው የሚወርደው ዝገት ልክ እንደ ብርቱካን ጭማቂ ያደርገዋል። ብራዮኒ «ይጠጣል?» ስትል ቀበቶውን አጠበቅሁት።

ሻይ ቤቱ ከሩቅ የምንተዋወቀው የግሌኒስ ነው። ግድግዳው ላይ በትልቅ ፊደል «ውድ ደንበኞች፣ ሳህኑን ከመገልበጥዎ በፊት ኬክዎን ይጨርሱ» የሚል ማስታወቂያ ለጥፋለች። እንዲህ ብላ የጻፈችው ቢቸግራት ነው። የስቶክ ሰው የትም ይቀመጥ የት፣ ሠርግ ይሁን ሐኪም ቤት፣ ከፊቱ ሳህን ከቀረበ መጀመሪያ ገልብጦ ሥሩን ያያል፤ የየትኛው ፋብሪካ ማኅተም እንዳለበት፣ የማን እጅ እንደሠራው። አያቶቻችንም ወላጆቻችንም እኛም ዕድሜያችንን የፈጀነው በሳህን ነው። ሳህን ሳይገለብጡ መብላት ማለት ሰላም ሳይሉ መግባት ነው።

ጌይኖር ግን ይህን ነገር ትጠላዋለች። የባሏ ቤተሰቦች መጀመሪያ ምሳ የጠሩን ዕለት ወጡ እንዳለበት ሳህኑን ገልብጬ የአማቷን የጠረጴዛ ልብስ አበላሸሁ። ከዚያ ወዲህ እሷ ሳህን ስትገለብጥ አይቻት አላውቅም። ብራዮኒ ግን፣ የዘር ነገር ሆኖባት፣ ገና ሳትቀመጥ የስኒ ማስቀመጫውን ከራሷ በላይ አንስታ ሥሩን ታነብ ነበር።

«አያቴ፣ ይሄ ከቻይና ነው!»

ሻይ ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ ግሌኒስን አያት። «እሱ አንድ ብቻ ነው!» አለች ፊቷ ቀልቶ። «የኔው ተሰብሮብኝ!»

ሻይ ጠጥተን፣ ኬክ በልተን ወደ ጀልባው ተመለስን። ተቀመጥን። ከዚያ ሆዴ ውስጥ ያለው ሻይ ትዝ አለኝና አርባው ደቂቃ ጨለማ ታሰበኝ።

«ብራዮኒ፣ መጸዳጃ ቤት ደርሼ መጣሁ። ከዚህ ንቅንቅ እንዳትይ። እዚሁ! የማይሽ ቦታ!»

«እሺ አያቴ።»

ሙቀቱ አይሎ ነበርና ካፖርቴን አውልቄ ከኋለኛው ወንበር መደገፊያ ላይ አለበስኩት፣ ቦርሳዬን ውስጡ አቆምኩ፣ ባርኔጣዬን ከላዩ ደፋሁበት። ቦታዬን ሰው እንዳይወስድብኝ ነው። ይህን ማድረጌን በኋላ ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ።

ከመጸዳጃ ቤቱ ስመለስ የግሌኒስ ቁም ሣጥን መንገዴ ላይ ነበረ። መደርደሪያው ላይ አሥራ አራት የድሮ ሳህን ቆሟል። አንዱን ብቻ ላይ ብዬ ነው። አንዱን ገለበጥኩ፤ የጎረቤት ፋብሪካ ሆነ። ሁለተኛውን ገለበጥኩ። ሦስተኛው ጥሩ ነበር፣ ቀለሙን ግን እቶኑ አብዝቶ አቃጥሎታል። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ስሄድ የክላይቭ መለከት ከውጭ ሲነፋ ሰምቻለሁ፤ መስማቱን ሰምቻለሁ። ግን አሥረኛው ላይ ነበርኩ።

አሥራ አንደኛው ሰማያዊ አበባና አንዲት ቢጫ ወፍ ያለበት ነው። ገለበጥኩት። ከፋብሪካው ማኅተም አጠገብ፣ ጉንዳን የምታክል፣ ሦስት ነጥብና ከሥራቸው አንዲት ጭረት።

የኔ ምልክት ነው። አሥራ አምስት ዓመቴ ሳለ ሥራ ስጀምር ኃላፊዋ «ምልክትሽን ምረጪ፣ ስህተት ስትሠሪ እንድናውቅሽ» ብላኝ የመረጥኩት። በሺህ የሚቆጠር ሳህን ላይ አስቀምጬዋለሁ። አንዱም ግን ቤቴ አልገባም፤ ፋብሪካው ሲዘጋ ሁሉም የት እንደሄደ እንጃ። ሃምሳ ዓመት ሠርግም ለቅሶም በሄድኩበት ሁሉ ሳህን የምገለብጠው ለሌላ እኮ አይደለም።

«ግሌኒስ!» ብዬ ጮህኩ። ስጮህ በመስኮቱ ጀልባዋ ስትሄድ አየኋት።

እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። ሳህኑን እንደያዝኩ ነው የወጣሁት። ልጄ የሰጠችኝ ልጅ! ብቻዋን! ውሃ ላይ! ዋሻ ፊት ለፊቷ! ስልኬ ቦርሳዬ ውስጥ፣ ቦርሳዬ ካፖርቴ ውስጥ፣ ካፖርቴ ጀልባው ላይ። የዚያን ሰዓት ስልክ እጄ ላይ ቢኖር ጌይኖርን ብቻ አይደለም፣ የባሕር ኃይሉንም እጠራ ነበር።

ደግነቱ የቦይ ጀልባ ከሰው እርምጃ አይፈጥንም። ድሮ ጀልባ ጎታች ፈረሶች ይሄዱበት የነበረው መንገድ ውሃውን ተከትሎ እስከ ዋሻው አፍ ድረስ ይሄዳል፣ እዚያ ይቆማል። እኔ ደግሞ የሰባ አራት ዓመት ሴት ነኝ፣ ከሰው እርምጃ ለመፍጠን መሮጥ አለብኝ። ሮጥኩ። ከኋላዬ ግሌኒስ ሽርጧን እያራገበች ትሮጣለች።

«ሌባ! እሜቴ ቤሪል፣ ሳህኔን! ምን ነካሽ!»

«ልጄን!» እላለሁ እኔ።

«ሳህኔን!» ትላለች እሷ።

ዓሣ አጥማጆቹ መንጠቋቸውን እያነሱ አሳለፉን። አንደኛው «ወፍራሟ ትቀድማለች» ሲል ሰምቻለሁ። ማናችንን እንዳለ እስካሁን አላወቅሁም።

ጀልባው ላይ የሆነውን የሰማሁት በኋላ ነው። ክላይቭ ከመነሳቱ በፊት እንደ ልማዱ ከኋላ ሆኖ ባርኔጣና ራስ ቆጠረ፤ አሥራ ሁለት። ሞላ ብሎ ተነሳ። ብራዮኒ ከፊት ተቀምጣ ንቅንቅ አላለችም፣ እንዳዘዝኳት። የዋሻው አፍ ብቅ ሲል ወደኋላ ሳትዞር «አያቴ፣ ብስኩት ልብላ?» አለች።

«ባርኔጣሽ ዝም አለኝ» ብላ ነገረችኝ። «‹እጅሽን ታጥበሻል?› አላለኝም። ያኔ ነው የጠረጠርኩት።»

ዞራ ካፖርት የለበሰውን ቦርሳ አየች። «ጋሼ ክላይቭ! አያቴ ባዶ ናት!»

ክላይቭ የሞተሩን ፍጥነት ቀነሰ፣ ካፖርቱን ነካ፣ ሽበቱ ይበልጥ ነጣ። ከዚያ ደረቷ ላይ ያለውን ካርቶን አነበበና ስልኩን አወጣ። ደህና ሰው ስለሆነ እኮ ነው። ብራዮኒ ግን በሁለት መዳፏ ቁጥሩን ሸፈነች።

«እንዳይደውሉ! ከደወሉ ስድስቱ ሳምንት ቀረብን!»

«ልጄ፣ አያትሽ ጠፍተዋል እኮ!»

«አልጠፋችም! ብቻዬን የተገኘሁት እኮ ለጊዜው ነው!» መንገዱን በዓይኗ ስትፈልግ አገኘችኝ። «ያቻትና! ስትሮጥ!»

«ምንድን ነው የያዙት?»

«ሳህን ነው።»

ክላይቭ ረጅም ትንፋሽ አወጣ። «በሉ ገባኝ» አለ፣ ስልኩን ኪሱ ከቶ ጀልባዋን ወደ ዳር መለሳት።

ከዋሻው አፍ ሃያ እርምጃ ያህል ሲቀረኝ ደረስኩ። ብራዮኒ ዘልላ ወርዳ ወገቤን አቀፈችኝ። ቀና ብላ አየችኝና ድምፅዋ ተለወጠ።

«አያቴ፣ ምን ብዬሽ ነበር? የማይሽ ቦታ ሁኚ አላልኩሽም?»

«እኔ ነኝ ያልኩሽ።»

«ያው ነው! ውሃ ጠጪ። ካፖርትሽን ልበሺ፣ አልቦሻል፣ ብርድ ይመታሻል።»

ግሌኒስም ደረሰች፣ ጉልበቷን ይዛ እያቃሰተች። «ሳህኔን... አምጪ...»

ገልብጬ አሳየኋት። «ሦስት ነጥብና ጭረት። እኔ ነኝ ግሌኒስ። ይህችን ወፍ እኔ ነኝ የሳልኳት።»

ግሌኒስ ሳህኑን ተቀብላ ሥሩን አየች፣ ወፏን አየች፣ እኔን አየች። የእናቷ ሳህን ነው። በሽርጧ ጥግ አቧራውን ጠርጋ መልሳ እጄ ላይ አስቀመጠችው።

«አርባ ዓመት ስጠርጋት የማን ወፍ እንደሆነች አላውቅም ነበር» አለች። «ውሰጃት። ግን ሌላ ጊዜ ስትመጪ ወይ ጠይቂ ወይ ቀስ ብለሽ ሩጪ።»

በዋሻው ውስጥ ሞተሩ አልጠፋም፤ እኛ ግን ዘፈንን። ክላይቭ ጀመረ፣ አሥራ ሁለታችንም ተቀበልን። አንገታችን ላይ ውሃ ይንጠባጠባል፣ ጨለማው ድምፃችንን አሥር እጥፍ አድርጎ ይመልስልናል። ጠዋት ሙሉ የፈራሁት ጨለማ ነበር። ግን ሳህኑ ደረቴ ላይ፣ ልጅቷ ጎኔ ላይ፣ ቀበቶዬን ጭብጥ አድርጋ ይዛ። አዎ፣ የኔን ቀበቶ። እንዳልጠፋባት።

ማታ ጌይኖር ልክ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ደረሰች። ከቢሮ እንደወጣች ነው፤ ነጭ ሱሪ ለብሳለች። ጥጉ ጋ ካለው ሱቅ ትኩስ የአጃ ቂጣ ገዝተን አይብ አቅልጠንበት ጠበቅናት። የሷን ድርሻ በወፏ ሳህን አቀረብኩላት፣ ምንም ሳልል።

«አልደወልሽም» አለች፣ ቁጭ ብላ፣ ገና ሳታምን። «ስልኬ ተበላሽቷል ብዬ ሁለት ጊዜ አጥፍቼ አበራሁት።»

«አልደወልኩም።»

«ምንም ችግር አልነበረም?»

ብራዮኒ ከጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ። መንገድ ሙሉ እንዳልናገር አስምላኛለች። ዝም ብል ኖሮ ስድስቱ ሳምንት የኔ ነበር፣ አውቃለሁ። ግን ልጄ ልጇን አምና ሰጥታኝ ውሸት ከቂጣው ጋር ላብላት? አልሆነልኝም። ሁሉንም ነገርኳት፤ ባርኔጣውን፣ ሳህኑን፣ ሩጫውን፣ ዋሻውን። ብራዮኒ ዓይኗን ጨፍናለች።

ጌይኖር ወንበሯን ወደኔ አስጠጋች።

«እንግዲህ የጠፋሽው አንቺ ነሽ» አለች።

«እኔ ነኝ።»

«እሷ ከተቀመጠችበት አልተነቃነቀችም።»

«ንቅንቅ አላለችም።»

ወደ ብራዮኒ ዞረች። «አንቺስ ምን አደረግሽ?»

«ጀልባውን አስቆምኩ፣ ውሃ ሰጠኋት፣ ካፖርት አለበስኳት፣ የማያት ቦታ አስቀመጥኳት» አለች ብራዮኒ። «ማንም ጋ አልደወልኩም።»

ጌይኖር ከንፈሯን ነከሰች። ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ሲጀምር አለቀሰች ብዬ ደነገጥኩ። ሳቅ ነው። ጠረጴዛውን እየመታች፣ እንባዋ እየወረደ፣ «ወፍራሟ ትቀድማለች!» እያለች ሳቀች። ልጅ ሳለች እንደምትስቀው። እኛም አብረናት ሳቅን፣ ምን እንደሚፈረድብን ሳናውቅ።

ሳቋን ስትጨርስ ፊቷ ላይ ሌላ ነገር መጣ። «ቆይ፣ ሳህኑስ? ምልክትሽ ያለበት የታለ?»

አፌን ሳልከፍት ከፊቷ ያለውን አንስታ ገለበጠችው። ዓመታት ሙሉ ያልገለበጠች ልጄ፣ ሁለት ቂጣ ከነቀለጠ አይቡ እንዳለበት፣ ግልብጥ አድርጋ ወደ መብራቱ ከፍ አደረገችው። ቂጣው ነጩ ሱሪ ላይ አረፈ። እሷ ግን አላየችውም። ሦስቱን ነጥቦች በጣቷ እየነካች ነበር።

«ይሄ አንቺ ነሽ?» አለች ቀስ ብላ።

«እኔ ነኝ።»

ሳህኑን አስቀመጠች፣ አይቡን ከጉልበቷ ላይ በጣቷ አንስታ በላች። ከዚያ ከብራዮኒ ካፖርት ላይ ካርቶኑን ፈታች፣ እስክሪብቶ አወጣች፣ «ልጅ» የሚለውን ሰርዛ «አያት» ብላ ጻፈች፣ «ለእናቷ» የሚለውን ሰርዛ «ለብራዮኒ» ብላ ጻፈች፣ ተነስታም በመርፌ ቁልፉ ደረቴ ላይ አያያዘችው።

«ስድስቱንም ሳምንት፣ እስከ መስከረም፣ እንዳታወልቂው» አለችኝ።

ብራዮኒ ጮኻ ደረጃውን እየረገጠች ወደ ላይ ሮጠች፣ አልጋዋን ልትመርጥ። ቀስ በይ ልላት ነበር። ተውኩት፣ ድምፁን ልስማው ብዬ።